የማይርሰው ጋቢ

«ልጅቱ ድሮም ደረቷ ደካማ ነው። ሥራው አይደለም የጎዳት።»

ይህን ቃል አሰለፈች የሰማችው በጭቃው ግድግዳ በኩል ነው። ጠዋት ነው፤ አንድ ሰዓት ገና አልሞላም። የሐምሌ ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ የመካነ ኢየሱስ ከተማን ቆርቆሮ ሲደበድብ አድሮ ገና ጋብ ማለቱ ነው። ተናጋሪው ታናሽ ወንድሟ ዓለምነህ ነው፤ ቤቱና ቤቷ አንድ ግድግዳ ይጋራሉ። የሚያነጋግራት ደግሞ ከስማዳ በኩል ሥራ ፍለጋ የመጣች ስንዱ የምትባል ሴት ናት። ከእሷ በፊት የነበረችው ሠራተኛ ለምን ተወችው ብላ ጠይቃ ነው መልሱ እንዲህ የተሰጣት። ያቺ የተባለችው ሠራተኛ፣ የአሰለፈች ልጅ አዜብ፣ ከግድግዳው ወዲህ መደቡ ላይ ጀርባዋን በሁለት የገብስ ጆንያ ተደግፋ ተቀምጣለች። ከተኛች ትታፈናለች። ሦስት ቀን ሦስት ሌሊት እንደ ተቀመጠች ነው። ትንፋሿ ሲገባ ያፏጫል፣ ሲወጣ ይንኮሻኮሻል፤ ከንፈሯ ጠቁሮ የበሰለ የዱር እንጆሪ መስሏል። ቃሉን እሷም ሰምታዋለች። እናትና ልጅ ተያዩ። አዜብ ሳቅ ለማለት ሞከረች፤ ሳቅ ግን ትንፋሽ ይፈልጋል።

ደረቷ ደካማ! ሃያ አምስት ሊትር ውሃ አዝላ ያንን ዳገት ሳታርፍ የምትወጣ ልጅ። በሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮውን ከወንዶቹ ነጥቃ የምትመታ ልጅ። አሰለፈች ግድግዳውን በጡጫ ልትመታው እጇን አነሳችና ወደ ባሏ ዞረች። ዋሴ እግሩን ከሸማኔው ጉድጓድ ውስጥ ከትቶ መወርወሪያውን ይወረውራል። ቃሉ በግድግዳው ሲያልፍ መወርወሪያው አንዴ ቆመ፤ ከዚያ እንደገና ቀጠለ፣ ጧ፣ ጧ። ቀና ብሎም አላያትም። ምን ብሎ ይያት? የሠራውን ጋቢ ሁሉ የሚገዛው ዓለምነህ ነው። ያልተረጨ ጋቢ ገበያ ላይ ሦስት ሺህ ብር ቢያወጣ ነው፤ የተረጨውን ሰው በአራት ሺህ ይሻማበታል። መርጨት ከመጣ ወዲህ የተረጨ እንጂ ያልተረጨ የሚጠይቅ የለም።

የመርጨቱ ሥራ እንዲህ ነው። ዓለምነህ ከሸማኔ የገዛውንም ሰው ያመጣለትንም ጋቢ ጓሮ ባለችው ጠባብ ክፍል ገመድ ላይ ያሰቅላል። ከባሕር ዳር በሰማያዊ ጄሪካን የሚመጣ፣ አገሩ ሁሉ «ናኖ» የሚለው ውሃ መሳይ ነገር አለ፤ እሱ በሞተር መርጫ እንደ ጉም ሆኖ ይነፋበታል። የተረጨ ጋቢ ዝናብ አያስገባም፣ ጭቃ አይይዘውም። ለጋቢ አምስት መቶ ብር፣ ለነጠላ ሁለት መቶ ሃምሳ፣ ለጃንጥላ መቶ። የክፍሏ መስኮት በላስቲክ ተደፍኗል፤ ንፋስ ከገባ መድኃኒቱ ይባክናላ። አዜብ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ፈተና ሳይሳካላት ከቀረ ወዲህ፣ አንድ ዓመት ከአራት ወር፣ የነጠላዋን ጫፍ አፏ ላይ እያሰረች እዚያ ጉም ውስጥ ስትቆም ኖራለች። ባለፈው ሳምንት ሽታው ሌላ የሆነ ጄሪካን መጣ። በሦስተኛው ቀን እያሳለች ወጣች፤ ሳሉ አልቆመም።

ትናንት ጤና ጣቢያ ወስደዋት ነበር። በረከት የሚባል ወጣት ሐኪም ነው ያያት፤ ሰው ዶክተር ይለዋል፣ እሱ ግን «ዶክተር አይደለሁም፣ እናቴ» እያለ ያርማል። ደረቷን አዳመጠ፣ ጣቷ ላይ የምትቆነጥጥ ነገር አድርጎ ቁጥር አነበበ፤ ፊቱ ተለወጠ።

«ምንድን ነው ስትተነፍስ የቆየችው?»

«ናኖ ነው፣ ልጄ።»

«እሱማ ስሙ ነው። ናኖ ማለት የደቀቀ ማለት ነው፤ የራስ ጠጉርዎን ውፍረት መቶ ሺህ ቦታ ቢሰነጥቁት አንዷ ስንጣሪ እንደማለት። የምን ድቃቂ ነው?» እሱም አዘነላትና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ነገሩ በራሱ ክፉ አይደለም። በሠለጠነው አገር በዚሁ ድቃቂ መድኃኒት ይሠራሉ። እዚያ የሚያዩት የውሃ ማጣሪያችን ውስጥም ብር እንዲሁ ደቅቆ አለበት፤ እሱ ከመጣ የሕፃናት ተቅማጥ ቀንሶልናል። ግን ይህን ጉም አድርገው ዝግ ቤት ውስጥ ከሳቡት ሳንባ ሥር ድረስ ነው የሚወርድ። ከዚያ ማን ያወጣዋል?» የነበረው አንድ ኦክስጅን ቀን ሳይሞላው በተወለደ ሕፃን አፍንጫ ላይ ነው። ወደ ደብረ ታቦር ወረቀት ጻፈላት። አምቡላንሱ ሌላ ታማሚ ይዞ ሄዷል። «ነገ ስድስት ሰዓት ላይ ይነሣል፤ ቦታ ይዤላችኋለሁ። ጄሪካኑንም ይዘው ይምጡ፤ ምን እንደ ሳበች ካላወቁ እዚያም በግምት ነው የሚያክሟት። በስድስት ሰዓት፣ እናቴ። ከዚያ ወዲያ ለዚች ልጅ ቀን አለ ብዬ አልዋሽዎትም።»

እንግዲህ የዛሬው ቀን ይኸው ነበር፤ ጄሪካኑን አግኝቶ ልጅቱን ይዞ በስድስት ሰዓት መድረስ። አሰለፈች ለአዜብ ትኩስ የአጃ ሾርባ በማንኪያ አቀመሰቻት፤ ሁለት ማንኪያ ወሰደች። «እዚሁ ናት፣ እንዳትለያት» አለችው ለዋሴ። ራሱን ነቀነቀ። ዓለምነህ ሱቁን ሊከፍት ወደ ገበያ ወርዶ ነበርና ተከተለችው።

የገበያው መንገድ ጭቃው ጫማ ይውጣል። ከስማዳ፣ ከጋይንት በኩል ሌሊቱን ሲጓዙ ያደሩ ገበሬዎች ገብስና ባቄላቸውን በአህያ ጭነው ይገባሉ፤ ግማሾቹ በተረጨ ጋቢ ተጠቅልለው፣ ራሳቸው እንጂ ትከሻቸው ሳይርስ። ጥቅሙን አልክድም የሚል ሰው እዚህ ብዙ ነው። በዚህ አገር ክረምት ጋቢ አንዴ ከራሰ የጥጃ ያህል ይከብዳል፤ ሦስት ቀን አይደርቅም፤ ከነእርጥቡ ለብሶ ማደር ነው። ጌሾ ቸርቻሪዋ ጎረቤቷ ተሾመች ላስቲኳን ዘርግታ ተቀምጣ ነበርና ጠራቻት።

«አሰሉ! ልጄ እንዴት አደረች?»

«እንደዚያው ናት።»

«እኔ እኮ ለእሷ ስጸልይ ነው የማድረው። ይህን ጋቢ በነፃ የረጨችልኝ እሷ አይደለች? ‹እማማ ተሹ፣ ለአጎቴ እንዳይነግሩብኝ› ብላ።» ትከሻዋን ዳሰሰች። «ሃያ ክረምት እዚች ጭቃ ላይ ስቀመጥ ትከሻዬ ያልተቆረጠመበት ዘንድሮ ብቻ ነው። እጇን ይባርከው።»

አሰለፈች አሜን አለችና አለፈች። ሌላ ምን ትበል?

ዓለምነህ ሱቁ በራፍ ላይ ቆሞ ለአንድ ጎልማሳ ጋቢ ያሳያል። በኩባያ ውሃ ይዟል፤ ጋቢው ላይ ያፈስና ውሃው ጎመን ቅጠል ላይ እንዳረፈ ጤዛ እየተድበለበለ ሲወርድ ሰውዬው እንደ ልጅ ይስቃል። እህቱን ሲያይ ኩባያውን አስቀመጠ። ልጅ እያለ እናታቸው ሞታ ያሳደገችው እሷ ናት፤ በጀርባዋ አዝላ። ይህን ሁለቱም ያውቁታል፤ አንድም ቀን ግን ተናግረውት አያውቁም።

«እቴ፣ በዚህ ጭቃ ምን አስወጣሽ?»

«ዓለሜ፣ ጄሪካኑን ስጠኝ። የመጨረሻውን። ሐኪሙ ጽሕፈቱን ልየው አለ።»

ሰውዬውን በዓይኑ ሸኘውና ወደ ውስጥ አስገባት። ሱቁ አዲስ ጥጥ አዲስ ጥጥ ይሸታል። «ጽሕፈት የለውም። ፍቀውት ነው የሚልኩልን፤ ሌላ ነጋዴ እንዳያውቅባቸው።»

«ቢሆንም ስጠኝ።»

«እቴ፣ ስሚኝ። ጄሪካኑ ደብረ ታቦር ከሄደ ነገ ጠዋት ፖሊስ በሬን ያሽገዋል። የዋሴን ጋቢ ማን ይገዛዋል? አሥራ አንድ ሸማኔ ነው ከኔ ጋር የሚበላ።» ከኪሱ ብር አውጥቶ እጇ ውስጥ ከተተ፤ ሦስት ሺህ። «ይህን ለመንገድ ያዥ። አዜብ ልጄ ናት፤ አንቺ ብቻ ነሽ እንዴ የምትወጃት? ለኔም ‹ሕፃን ልጅ የሚለብሰው ነው፣ አይጎዳም› ብለው ነው የሸጡልኝ። እኔ ምን አውቃለሁ?»

«ታዲያ መስኮቱን ለምን ደፈንኸው?»

ዓለምነህ ጎንበስ ብሎ ያልተዛባ ጋቢ ማስተካከል ጀመረ። እሷም ብሩን ጋቢው ላይ አስቀምጣለት ወጣች።

አሰለፈች በሕይወቷ የሰው ዕቃ ሰርቃ አታውቅም። በቀጥታ ወደ ጓሮው ክፍል ሄደች። በሩን ስትከፍተው ጉሙ ፊቷን መታት፤ ዓይኗ አለቀሰ። ስንዱ አፏን በሻሽ አስራ፣ መርጫውን ይዛ፣ በተሰቀሉት ጋቢዎች መካከል ቆማለች። ያንኑ ቀን ጀምራለች። አሰለፈች መስኮቱ ላይ ያለውን ላስቲክ ልትገነጥል ስትል ስንዱ እጇን ያዘቻት።

«ኧረ እትዬ! ንፋስ አይግባ ብለውኛል።»

«እህቴ፣ እኔ የአዜብ እናት ነኝ። ይህ ነገር ልጄን ሳንባዋን ቆልፎባታል። ሥራሽን ሥሪ፣ ግን መስኮቱ ይከፈት።»

ስንዱ እላይ እታች አየቻት። «ጌታዬ ነግረውኛል፤ ቅር ይላታል፣ የልጇን ቦታ ስለያዝሽ ብለው። እኔስ ምን ላድርግ? ሁለት ልጅ ወገዳ እናቴ ዘንድ ጥዬ ነው የመጣሁ። በቀን ሦስት መቶ ብር ማን ይሰጠኛል?» ይህን ብላ ጀርባዋን ሰጠቻትና ሞተሩን አስነሳች። አሰለፈችም ጥግ የተደረደሩትን ጄሪካኖች ገለባበጠች። የሁሉም ጽሕፈት በቢላዋ ተፍቋል። በአንዱ ላይ ብቻ፣ ታችኛው ጥግ ላይ፣ ቢላዋው የሳታት ሥዕል ቀርታለች፤ አፍና አፍንጫው፣ እህል እንደሚወቃበት በሬ፣ በአፍ ማሰሪያ የተሸፈነ ሰው። ፊደል የማትቆጥረዋ አሰለፈች ሥዕሏን በአንድ እይታ አነበበቻት። በባሕር ማዶ ያለ፣ እሷን የማያውቅ ሰው፣ አፋችሁን ሸፍኑ ብሎ አስጠንቅቆ ነበር። ጄሪካኑን በነጠላዋ ጠቅልላ ወጣች።

ቤት ስትገባ ሁለቱ የገብስ ጆንያዎች አሉ፤ አዜብ የለችም። ዋሴ ከጉድጓዱ ወጥቶ መሬት ላይ ተቀምጧል፤ እጁን ጭኑ መካከል ከትቶ።

«የት ናት?»

«ካሣነሽ ሰዎች ይዛ መጣች። ጸበል ወሰዷት።»

«አንተስ?»

ዋሴ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሐኪሙ ነገ የላትም አለ አልሽኝ። ጸበል ምን ይከለከላል? … እምቢ ልበል?»

ካሣነሽ የዓለምነህ ሚስት ናት። ባሏ ልኳት ይሁን ከልቧ አዝና፣ አሰለፈች እስከ ዛሬ አልጠየቀቻትም። ጸበሉ ከከተማው በላይ ነው፤ ለጤነኛ እግር የግማሽ ሰዓት ዳገት። ወጣችው። እንዴት እንደ ወጣችው አታውቅም፤ ጄሪካኑ ጎኗን እየመታት፣ ጭቃው እየጎተታት።

ስትደርስ ሕዝቡ ክብ ሠርቶ ቆሟል። ከመካከል አዜብ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች። ካሣነሽ ብርድ እንዳይነካት ብላ ከሱቅ አዲስ ጋቢ አምጥታ ከራስ እስከ እግሯ አከናንባታለች፤ ለሙሽራ የሚሆን፣ ጥበቡ ወርቅማ። አጥማቂው አባ ቀለመ ወርቅ ናቸው፤ የዋህ ሽማግሌ፣ ለማኝ ሳያበሉ እህል የማይቀምሱ። መስቀላቸውን ይዘው ጸለዩና ጸበሉን በጣሳ ቀድተው ከላይ አፈሰሱባት።

ውሃው አላራሳትም። ተድበልብሎ፣ እንደ ዶቃ እየተንከባለለ፣ ጋቢውን ደረቅ እንደ ነበረ ትቶት መሬት ወረደ። ሁለተኛ ጣሳ አፈሰሱ። እንዲያው ሆነ። ሕዝቡ መጀመሪያ ጸጥ አለ፤ ከዚያ አንዲት ሴት ጮኸች። «ኧረ ጸበሉን እምቢ አለ! ኧረ እግዚኦ!» «እግዚኦ! እግዚኦ!» ተባለ። «ውጣ! ማነህ? ተናገር!» አለ አንድ ጎበዝ፣ መቋሚያውን መሬት እየመታ። አዜብ መናገር አትችልም። አፏን ትከፍታለች፣ ትዘጋለች። «ዲዳ መንፈስ ነው» ተባለ። «ሰባት ቀን ከዚህ አትነሣ፤ በሽምብራ ብቻ።» «ሰንሰለት የት አለ?»

አያችሁ፣ እነዚያ ሰዎች ዝናብ የማያስገባ ጋቢ እንዳለ ሳያውቁ ቀርተው አይደለም። ግማሾቹ ለብሰውታል፤ ከፍለው ያስረጩት ናቸው። ግን ዝናብ ዝናብ ነው፣ ጸበል ደግሞ ጸበል። ዓለት የሚሰነጥቅ፣ አጋንንት የሚያቃጥል ውሃ በአምስት መቶ ብር መድኃኒት ይመለሳል ብሎ ያሰበ አንድም ሰው አልነበረም።

አሰለፈች ሰው ገፍታ ገባች። በዚያች ሰዓት ዓለምነህ እያለከለከ በሌላው ወገን ብቅ አለ፤ ስንዱ ስለ ጄሪካኑ ነግራው ኖሮ። ተያዩ። ዓይኑ ለመናት። አሥራ አንድ ሸማኔ፣ የዋሴ መወርወሪያ፣ ያ ያዘለችው ሕፃን፣ ሁሉም እዚያ ዓይን ውስጥ ነበር። ትንሽ ቆመች። ስለዚያች ትንሽ መቆሟ ዛሬም ራሷን አትምርም። ከዚያ የአዜብ ፉጨት ተሰማት።

«ጋቢው ነው!» አለች። «መንፈስ አይደለም፣ ጋቢው ነው! ናኖ ተረጭቶ ነው!»

«ሴትዮ፣ ናኖ ዝናብ ይመልሳል እንጂ ጸበል ይመልሳል እንዴ?» አለ አንዱ፣ ተቆጥቶ።

ጣሳውን ከአባ እጅ ተቀበለች፤ ተቀበለች ከማለት ነጠቀች ማለቱ ይሻላል። የአባ ቀለመ ወርቅን ጋቢ ያውቀዋል አገሩ፤ ለሰኔ ሚካኤል ዓለምነህ በስጦታ ያለበሳቸው ነው። ጸበሉን በትከሻቸው ላይ አፈሰሰችው። ውሃው ዶቃ ዶቃ ሆኖ ተንከባለለና ወረደ። ጋቢው ደረቅ።

«እንዲህ ነው» አለች። «ልጄን ስጡኝ። በስድስት ሰዓት መኪና አለ። ልጄን ስጡኝ።»

ማንም አልሰማትም። አባ ቀለመ ወርቅ ትከሻቸውን በእጃቸው ዳሰሱ፤ እጃቸውን አዩት፤ አልራሰም። «ከሰኔ ሚካኤል ጀምሮ …» አሉ ቀስ ብለው፤ «ከቅዳሴ በኋላ ጸበል በተረጨ ቁጥር … ደርቄ ነዋ የቆምኩት።» ይህች ቃል በሕዝቡ ውስጥ እንደ እሳት ሄደች። እያንዳንዱ ትከሻውን ዳሰሰ። «እኔስ? ለሕመሜ ሰባት ቀን የተጠመቅሁት?» «ልጄን ክርስትና ያስነሣሁበት ነጠላ!» አንዷ ሴት ነጠላዋን ገፍፋ ጭቃ ላይ ወረወረች። ሌላው ተከተለ። ጋቢ በጋቢ ላይ ወደቀ። «ዓለምነህ! በረከታችንን ሸጥህብን!» እያሉ ከበቡት። አንዱ ጄሪካኑን ከአሰለፈች እጅ መንጭቆ ወደ ገደሉ ወረወረው። ዓለምነህ አልሸሸም፣ አልካደም። በሰዉ ትከሻ መካከል እህቱን አያትና፣ «እቴ፣ ምን አደረግሁሽ?» አለ፤ ከዚያ ጋቢዎቹ ፊቱ ላይ መውደቅ ጀመሩ።

ከአዜብም ላይ ጋቢውን አንድ ሰው ገፍፎ ጥሎታል። በቀሚስ ብቻ ድንጋዩ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ወደ ፊት አስግጋ ትንፋሽ ትስባለች። ዝናቡም ተመልሶ ጀመረ። አባ ቀለመ ወርቅ ብቻ «ልጅቱ! ኧረ ልጅቱን!» ሲሉ ተሰሙ፤ ድምፃቸው ግን የሽማግሌ ድምፅ ነው፤ ጩኸቱ ዋጠው።

አሰለፈች ልጇን አዘለቻት። የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ናት፤ በሦስት ቀን ግን ቀላለች። ቁልቁለቱን ስትወርድ የአዜብ አገጭ ትከሻዋ ላይ ነው፤ ፉጨቱ በጆሮዋ ሥር ይገባል፣ ይወጣል። «ይኸው ደረስን፣ አዜቤ። ይኸው። መኪናው አለ። በረከት ቦታ ይዞልናል።» ታወራላታለች። ከወፍጮ ቤቱ አጠገብ ዋሴ ሲወጣ አገኙት፤ ጫማ እንኳ አላደረገም። ጀርባውን ሰጣት፤ ከእናቷ ጀርባ ወደ አባቷ ጀርባ ተዛወረች። ወፍጮው ይጮኻል፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ፉጨቱ ይሰማ አይሰማ አሰለፈች አታውቅም። ከዚያ ወዲያ ዋሴ ሮጠ። እሷ ከኋላ።

አምቡላንሱ አልሄደም ነበር። በረከት ሾፌሩን ለምኖ አቁሞታል፤ ሞተሩ እየሠራ፣ የኋላ በሩ ክፍት ነው፤ ስድስት ሰዓት ከሃያ። አስተኟት። በረከት ጎንበስ ብሎ ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገ፤ ጣቷን ያዘ፤ ዓይኗን ገለጠ። እንደገና ጆሮውን ደረቷ ላይ አደረገና ብዙ ቆየ። ከዚያ ቀና ሳይል ለሾፌሩ፣ «ሞተሩን አጥፋው» አለው።

ዋሴ ልጁን ሲቀበል ትተነፍስ እንደ ነበር፣ እንዳልነበር፣ አሰለፈች አልጠየቀችውም። እሱም አልነገራትም።

አሥር ሰዓት ላይ ቤቱ በለቀስተኛ ሞልቷል። ቀብሩ ለነገ ነው። ሴቶቹ ደረታቸውን እየመቱ ይገባሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አልቅሰው ይቀመጣሉ። ሁሉም ያረጀ፣ ከሣጥን ሥር የወጣ፣ ያልተረጨ ልብስ ነው የለበሱት፤ ዝናቡ አበስብሷቸው ከነጠላቸው ውሃ መደቡ ላይ ይንጠባጠባል። እንዲህ ርሰው በመምጣታቸው ደስ ያላቸው ይመስላሉ። ዓለምነህ ያለ ጋቢ፣ ግንባሩ አብጦ፣ የበሩ መድረክ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም ግባ አላለውም፣ ማንም ሂድ አላለውም። ዋሴ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሯል። ከወንዶቹ በኩል ወሬው በሹክሹክታ ነው። አባ ቀለመ ወርቅ «እግዚአብሔር ልብ ነው የሚያየው፣ ልብስ አያይም» እያሉ ያጽናናሉ፤ ሰዉ አልተጽናናም። እንደገና መጠመቅ ያስፈልግ ይሆን? የገባው ሱባዔ ይቆጠር ይሆን? ስለ አዜብ ከንፈር ይመጠጣል። ስለ ሳንባዋ ግን፣ ስለዚያች በላስቲክ ስለ ተደፈነች መስኮት፣ አንድ ሰው አፉን አልከፈተም። ስንዱም መጥታለች፤ ከበሩ አጠገብ ተቀምጣ፣ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ፣ ድምፅ እንዳይሰማ እየተጠነቀቀች ታስላለች።

ተሾመች ብዙ አለቀሰች፤ ከልቧ ነው፤ ድምፅዋ እስኪዘጋ። ከዚያ ቀስ ብላ ተጠጋችና የአሰለፈችን እጅ በሁለት እጇ ያዘች። ጋቢዋን አጣጥፋ ጉያዋ ውስጥ ሸሽጋዋለች፤ ልትጥለው አልሆነላትም። ጆሮዋ ላይ ጎንበስ አለች።

«አሰሉ፣ በሞቴ አትቀየሚኝ … በእንዶድ ባጥበው ይለቃል ይሆን? ሌላ የለኝም እኮ።»

አሰለፈች ዓይኗን መደቡ ላይ ወደ ተጋደመችው፣ ወደ ተሸፈነችው ልጇ አዞረች።

«ከጋቢስ ይለቅ ይሆናል» አለቻት።